ሳንታለል፣ ሳናታልል፦ አዲስ መኪና በኢንተርኔት ፕሮፎርማ ስለ መግዛት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና መንገዳቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።

በዛሬው ክፍላችን የምንመለከተው በአሜሪካ ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አካባቢ ተደጋግሞ የሚቀርብልንን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው አዲስ መኪና ስንገዛ ሳንታለል እንዴት እንግዛ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከብዙ ሻጮች በኢንተርኔት ዋጋ አሰባስቦ፣ የአንዱን ለሌላው እያሳዩ ማስቀነስ በሸሪዓ ዓይን እንዴት ይታያል የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቁን አንድ ሙስሊም በወንድሙ ግብይት ላይ እንዳይገባ የመጣውን ክልከላ የሰሙና ገንዘባቸው ንጹሕ እንዲሆን የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። አንደኛውን የሚጠይቁን ግን አብዛኞቹ ፊርማቸውን ካኖሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከፊርማው በፊት ስላለው ጊዜ እንነጋገር።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ ለአብዛኛው ወገናችን መኪና ቅንጦት አይደለም። ሥራ የሚያደርሰው፣ ልጆችን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ የሚያመላልሰው፣ ለብዙዎችም ራሱ የእንጀራ ገመድ የሆነው እርሱ ነው። ቤት ላልገዛ ቤተሰብ ደግሞ በአንድ ቀን ፊርማ ከሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ ትልቁ የመኪና ዋጋ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ቸልታ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ከእጅ ሊወጣ ይችላል። ይህ ገንዘብ አገር ቤት ላሉ ወላጆች የስንት ወር ቀለብ እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

በመጀመሪያ የገበያውን አሠራር እንረዳ። እንደ ቶዮታና ሆንዳ ያሉት ፋብሪካዎች አዲስ መኪናቸውን ለገዢው በቀጥታ አይሸጡም። የየክፍለ ግዛቱ ሕግና የፋብሪካዎቹ ውል በመሃል ሌላ ነጋዴ እንዲኖር ያደርጋል። ያም «ዲለር» የምንለው ነው። (ቴስላን የመሰሉ ጥቂት አምራቾች በራሳቸው መደብር በተወሰነ ዋጋ ስለሚሸጡ ይህ ጽሑፍ እነርሱን አይመለከትም።) እንግዲህ ዲለሩ ራሱን የቻለ ነጋዴ እንጂ የፋብሪካው ቅርንጫፍ አይደለም። በሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት የቶዮታ ዲለሮች በር ላይ የሰቀሉት ምልክት አንድ ቢሆንም እርስ በርሳቸው ተፎካካሪዎች ናቸው። መኪናው ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ቀለሙም ሞተሩም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዋጋው በሁለቱ ዘንድ በሺህ ዶላር ሊለያይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያላችሁ። ይህ ወረቀት የግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ በ1958 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉን ባቀረቡት በኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ስም ይጠራል። ከዚያ በፊት የመኪናው ትክክለኛ የፋብሪካ ዋጋ ስንት እንደሆነ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። አሁን ወረቀቱ ፋብሪካው ሐሳብ ያቀረበበትን ዋጋ፣ የተጨመሩ ዕቃዎችን ከነዋጋቸው፣ ከፋብሪካ ማጓጓዣውንም ለይቶ ያሳያል። ገዢው መኪናውን እስኪረከብ ድረስ ማንሳት አይፈቀድም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የተጻፈው ዋጋ የፋብሪካው «ሐሳብ» ነው። ዲለሩ ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም መሸጥ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2021 እና በ2022 የኮምፒዩተር ቺፕ እጥረት መኪና ባሳነሰ ጊዜ ብዙ ዲለሮች ከመስኮቱ ዋጋ በላይ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጨምረው ይሸጡ ነበር። ጭማሪውን የሚጽፉት ከሕጋዊው ወረቀት አጠገብ በሚለጥፉት በሌላ ወረቀት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እንወዳለን። ዕቃ ሲጠፋ ዋጋ መጨመሩ ብቻውን ግፍ አይደለም። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰሓቦች የአላህ መልዕክተኛን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲተምኑላቸው ቢጠይቋቸው፣ ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርድ አላህ መሆኑን ነግረዋቸው ከመተመን እንደተቆጠቡ ይታወቃል። ግፍ የሚሆነው ዋጋው ሲደበቅ፣ ሲሸፋፈንና የማያውቀው ሰው ተለይቶ ሲበዘበዝ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴዎች ከከተማ ውጭ ወጥተው የገበያውን ዋጋ የማያውቁ ባለ ግመሎችን መንገድ ላይ ጠብቀው እንዳይገዟቸው ከልክለዋል። ባለ ዕቃውም ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ መብት ሰጥተውታል። የዚህ ክልከላ ምክንያት ግልጽ ነው። አንዱ ዋጋ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። ያለ ምንም መረጃ ወደ ዲለር የሚገባ ወገናችን ከዚያ መንገደኛ በምን ይለያል? ልዩነቱ የአሜሪካ ሕግ ሽያጩን የማፍረስ መብት የማይሰጠው መሆኑ ነው። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

«መከራከር ነውር አይደለም ወይ?» የሚሉን አሉ። አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ላይ ግመል ሲገዙ ዋጋ ተነጋግረዋል። ዑርወቱል ባሪቂ (ረ.ዐ) ደግሞ በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጥተውት፣ በዲናሩ ሁለት በግ ገዝቶ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ፣ በግም ዲናርም ይዞ በተመለሰ ጊዜ በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አድርገውለታል። ስለዚህ ብልህ ገዢ መሆን ዲንን አይቃረንም። በአገራችን መርካቶ ገብቶ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳይል ዕቃ የሚያነሳ ማን አለ? እዚህ አገር ስንመጣ ግን ከረባት ያሰረ ሰው በመስታወት ክፍል ውስጥ ሲያስቀምጠን አፋችን ይያዛል።

መፍትሔውም እንግዳ ነገር አይደለም። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። በኢንተርኔት የምናደርገውም ይኸው ነው። ዲለሮች ዛሬ የኢንተርኔት ሽያጭ ክፍል አላቸው። በኢሜል ዋጋ መጠየቅ፣ በኢሜልም መቀበል ይቻላል። ጥቅሙ ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1995 ኢያን አይረስና ፒተር ሲግልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ አካባቢ ያካሄዱትን ጥናት አሳትመው ነበር። ነጭና ጥቁር፣ ወንድና ሴት የሆኑ ሰዎችን አንድ ዓይነት አነጋገር አስጠንተው ወደ ዲለሮች በላኳቸው ጊዜ፣ ለጥቁሮችና ለሴቶች የሚጠራው ዋጋ ለነጭ ወንዶች ከሚጠራው የበለጠ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ በ2003 የወጣ የሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች በአካል ሄደው ሲገዙ ከሌላው ወደ 2 በመቶ ገደማ የበለጠ ይከፍሉ እንደነበር፣ በኢንተርኔት ዋጋ ጠይቀው የገዙት ግን ከነጮቹ ጋር ተቀራራቢ ዋጋ እንደከፈሉ አሳይቷል። በ32,000 ዶላር መኪና ላይ 2 በመቶ 640 ዶላር ነው። ኢሜል የቆዳ ቀለም አያይም፣ ሒጃብ አያይም፣ የአነጋገር ዘዬም አይሰማም። እንግሊዝኛችን ይሰባበራል ብለው የሚያፍሩ እናቶችና አባቶች ደብዳቤውን ልጆቻቸው እንዲጽፉላቸው ያድርጉ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለቤተሰቡ ከሚያበረክታቸው ነገሮች ይህ ትንሹ አይደለም። እግረ መንገዱንም ንግድ ይማርበታል።

ወደ ተግባሩ ስንገባ፣ ከሁሉ በፊት የሚገዛው መኪና ተለይቶ መታወቅ አለበት። የትኛው ሞዴል፣ የትኛው ደረጃ፣ ባለ ስንት እግር የሚጎትት፣ ምን ዓይነት ቀለም የሚለው ቤት ውስጥ ይለቅ። «ካምሪ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ «ጨርቅ ስንት ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መኪናውን በቅርብ ካለ ዲለር ሄዶ ነድቶ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን አለመግዛት የተወሰነ ጉዳይ ይሁን። ለሻጩም «ዛሬ ልሞክር እንጂ ልገዛ አልመጣሁም» ብሎ በግልጽ መንገር ከአዳብ ነው። የሰውየው ደመወዝ ከሚሸጠው የሚያገኘው ኮሚሽን ስለሆነ ሦስት ሰዓት ተስፋ ሰጥቶ መጥፋት ተገቢ አይመስለንም።

ቀጥሎ እንደ ኤድመንድስና ኬሊ ብሉ ቡክ ባሉት ድረ-ገጾች ሌሎች ሰዎች ለዚያው መኪና ስንት እንደከፈሉ፣ ፋብሪካው በዚያ ወር ምን ቅናሽ እንዳወጣ ማየት ነው። «የኢንቮይስ ዋጋ» የሚባልም ታያላችሁ። ፋብሪካው ለዲለሩ የጻፈው የሒሳብ ደረሰኝ ማለት ነው። ሻጩ «በኢንቮይስ ሸጥኩላችሁ፣ ምንም አላተረፍኩም» ቢላችሁ ግን አትዘኑለት። ብዙ ፋብሪካዎች መኪናው ከተሸጠ በኋላ ለዲለሩ የሚመልሱለት ገንዘብ አለ፤ የተወሰነ ቁጥር ለሸጠም ተጨማሪ ጉርሻ ይሰጣሉ። ጉርሻው በአብዛኛው የሚታሰበው በወር ስለሆነ በወሩ የመጨረሻ ቀናት ዋጋ የሚላላበት አጋጣሚ ይኖራል። ሌላም ማወቅ የሚገባን፣ ብዙዎቹ የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ-ገጾች ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከዲለሮቹ ነው። ስልካችሁን እዚያ ከሞላችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ሰው ይደውልላችኋል። ስለዚህ መረጃውን ከእነርሱ ወስዳችሁ ጥያቄውን ግን ራሳችሁ በቀጥታ ለየዲለሩ ብትጽፉ ይሻላል። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል አዲስ የኢሜል አድራሻ መክፈትም ሰላም ይሰጣል።

ለስንት ዲለር? ለአምስት ወይም ለስድስት ይበቃል። የሁለት ሰዓት መንገድ እስካለው ድረስ ሩቅ ነው ብላችሁ አትተዉት። በሌላ ክፍለ ግዛት መግዛትም ይቻላል፤ የሽያጭ ግብሩ የሚታሰበው መኪናው ታርጋ በሚወጣበት ቦታ ነውና። ለምሳሌ የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሜሪላንድ ቢገዛ የሚከፍለው የቨርጂኒያን 4.15 በመቶ ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ይህን መኪና በዚህ ሳምንት ልገዛ ነው፤ ለብዙ ዲለሮች ጽፌያለሁ፤ ያላችሁን መኪና የሻንሲ ቁጥርና የመስኮቱን ወረቀት ፎቶ ላኩልኝ፤ ግብርን፣ ታርጋን፣ ሊብሬን፣ የወረቀት ማስጨረሻንና ማናቸውንም ተቀጥላ ጨምሮ ከበራችሁ ነድቼ ለመውጣት የምከፍለውን ቁርጥ ዋጋ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ቁልፉ ያለው «ቁርጥ ዋጋ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ። በኢንተርኔት የሚታየው ዋጋ ማጥመጃ ሊሆን ይችላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመስኮቱ ዋጋ 32,000 ዶላር ለሆነ መኪና አንዱ ዲለር 29,800፣ ሌላው 30,700 ብለው ጻፉ እንበል። ማንም ሰው ወደ መጀመሪያው ይሮጣል። ዝርዝሩ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው 990 ዶላር የወረቀት ማስጨረሻ፣ 1,495 ዶላር ደግሞ የቀለም መከላከያና የመስታወት ላይ ቁጥር መጻፊያ «ጥቅል» ጨምሮበታል። ከዚህም በላይ 29,800 ያለው ለወታደር ብቻ የሚሰጠውን 500 ዶላር ቅናሽ አስቀድሞ ቀንሶ ነው። እናንተ ወታደር ካልሆናችሁ ዋጋው ከግብርና ከታርጋ በፊት 32,785 ይደርሳል። ሁለተኛው 500 ዶላር የወረቀት ማስጨረሻ ብቻ ጨምሮ 31,200 ነው። ርካሹ የመሰለው በ1,585 ዶላር ተወደደ ማለት ነው። የወረቀት ማስጨረሻ ክፍያውን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በሕግ ይገድቡታል፣ አንዳንዶች አይገድቡትም። ዲለሩ «ይህ ለሁሉም አንድ ነው፣ አይነካም» ቢል ብዙ አትሟገቱ፤ ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንስ በሉት። ዞሮ ዞሮ የምታዩት ቁርጡን ነው።

አንዳንዶች መልስ አይሰጡም። አንዳንዶች «ዋጋ በኢሜል አንሰጥም፣ ኑና እንነጋገር» ይላሉ። አመስግናችሁ እለፉት። ከስድስቱ ሦስቱ በጽሑፍ ከመለሱ ሦስት ፕሮፎርማ አላችሁ። ዝቅተኛውን ቁርጥ ለቀሩት ሁለቱ ልካችሁ «ከዚህ ማሳነስ ትችላላችሁ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ነው የምንለው። አምስትና ስድስት ዙር የሚመላለስ ሰው ለአርባ ዶላር ብሎ ሳምንቱን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደረስን። ይህ በሌላው ግብይት ላይ መግባት አይሆንም ወይ? ዑለማዎች እንዳብራሩት ክልከላው የሚመለከተው ገዢና ሻጭ ተስማምተው ልባቸው ካረፈ በኋላ ሦስተኛ ወገን ገብቶ የሚያፈርሰውን ነው። ገና በመነጋገር ላይ ሳሉ፣ ስምምነት ሳይደረስ፣ ከሌላ ሻጭ ዋጋ መጠየቅ የተፈቀደ ነው። ዕቃን «ማን ይጨምራል?» ብሎ በጨረታ መሸጥ መፈቀዱም ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በዚህ መሠረት ፕሮፎርማ መሰብሰቡም፣ አንዱን ለሌላው ማሳየቱም ችግር የለበትም። ሁሉም ዲለር ሌሎች እንደተጠየቁ በደብዳቤው ላይ ተነግሮታልና የተደበቀ ነገር የለም።

ሆኖም ሦስት ቦታ ላይ መስመር አለ። የመጀመሪያው ውሸት ነው። ያላገኙትን ዋጋ «አግኝቻለሁ» ማለት፣ የሌላውን ፕሮፎርማ ቁጥር በኮምፒዩተር ለውጦ መላክ ሐራም ነው። «እነርሱም ይዋሻሉ» የሚለው መልስ አያድንም። ዋጋ ለማዛባት ሳይገዙ ዋጋ መጥራትን፣ በዐረብኛ «ነጅሽ» የሚባለውን፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ያ ክልከላ ዋጋ ለማስጨመር በሐሰት የሚጫረተውን ሲነካ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ፕሮፎርማ የሚፈጥረው ደግሞ በማታለል ክልከላ ሥር ይወድቃል። ሁለተኛው ቃል ነው። «ይህን ቁርጥ ካደረጋችሁልኝ ዛሬ መጥቼ እወስዳለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ እነርሱም ካደረጉት፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አንስቶ ሌላ ዘንድ መደወል አይገባም። ለዚህ ነው ያን ዓረፍተ ነገር ልባችሁ ሳይቆርጥ አትጻፉት የምንለው። ሦስተኛው ከተስማሙ በኋላ ሌላ ዲለር ደውሎ «ሁለት መቶ ዶላር ልቀንስልዎ፣ ይተዉት» ሲል ነው። ይህ በትክክል የተከለከለው ዓይነት ስለሆነ በዚያ መተባበር የለብንም። ሻጩ ሙስሊም ባይሆንስ ለሚሉን፣ እምነትን መጠበቅና ቃልን ማክበር ከሙስሊም ጋር ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ስለ አከፋፈሉ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንነጋገር፤ ትልቁ ጉድጓድ ያለው እዚህ ነውና። ሻጮች ገና ስትገቡ የሚጠይቋችሁ «በወር ስንት መክፈል ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ አትመልሱ። 28,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ቢበደሩት በወር 477 ዶላር ገደማ ሲሆን በድምሩ ከ6,300 ዶላር በላይ ወለድ ይከፈላል። ሻጩ ወደ 84 ወር ቢያራዝመው በወር 55 ዶላር ያህል የቀነሰላችሁ ይመስላል፤ ጠቅላላው ግን ከ1,100 ዶላር በላይ ይጨምራል። በዚያ ላይ ባንኩ በአንድ መጠን ያጸደቀውን ወለድ ዲለሩ ከፍ አድርጎ ለእናንተ ማቅረብና ልዩነቱን መካፈል ይችላል። ይህ እንግዲህ የዱንያው ጉዳት ነው። ወለድ (ሪባ) በዲናችን ከከባድ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ለአድማጮቻችን መድገም አያስፈልገንም።

«0 በመቶ» የሚለውን ማስታወቂያ በተመለከተ ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ምረጡ ይላል፤ ወይ 0 በመቶ፣ ወይ የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ። 2,000 ዶላር ቅናሽ ትታችሁ 0 በመቶን ከወሰዳችሁ ዱቤው በነፃ አልመጣም። ለዱቤ ሽያጭ ከእጅ በእጅ ከፍ ያለ ዋጋ ማውጣት፣ ከመለያየት በፊት አንዱ ዋጋ ተቆርጦ እስከተያዘ ድረስ፣ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ የተፈቀደ ነው። ሁለተኛ፣ ውሉ ውስጥ ክፍያ ቢዘገይ የሚጨመር ቅጣት ወይም ወለድ ይኖር እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል። ዑለማዎች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ስለሆነ ውሉን ይዛችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ እንዲህ ያለው ነው። ጥሩ የሚመስል ፕሮፎርማ ይመጣና ከታች በትንሽ ፊደል «ዋጋው በእኛ በኩል ለሚበደሩ ብቻ» ይላል። ሻጩም «ችግር የለም፣ ብድሩን ይፈርሙና ከሁለት ወር በኋላ ይዝጉት» ብሎ ይመክራል። በሒሳብ ሊያዋጣ ይችላል። እኛ ግን አንመክርም፤ ለመክፈል የሚያስብበት ጊዜ አጭር መሆኑ የወለድ ውል ላይ መፈረሙን አይሽረውም። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ዋጋው በብድር ላይ የተመሠረተ እንዳይሆን» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ብዙ ወገኖቻችን በእቁብ ይገዛሉ። ወለድ የለውም፣ መተዋወቅንም ያጠብቃል። አንድ ዕጣ የመኪና ዋጋ ባይሞላ እንኳ በሚበቃው ልክ ርካሽ ወይም ያገለገለ መኪና መግዛት ከብድር ይሻላል። የእቁብ ገንዘብ በጥሬው በእጅ የሚሰጥ ከሆነ ግን አንድ ሕግ እወቁ። ዲለር ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ቅጽ 8300 ሞልቶ ለአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ይህ ቅጣት አይደለም፣ ሊያስፈራም አይገባም። የሚያስቀጣው ቅጹን ለመሸሽ ገንዘቡን ከፋፍሎ መክፈል ነው። በሙራበሓ የሚሠሩ ተቋማትን ያገኛችሁም ፕሮፎርማው ይጠቅማችኋል። ተቋሙ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ከያዘ በኋላ በታወቀ ትርፍ ስለሚሸጥላችሁ፣ የመነሻው ዋጋ ባነሰ ቁጥር የእናንተም ይቀንሳል። ተቋሙ በእርግጥ መኪናውን ይገዛል ወይስ ወረቀት ብቻ ይለዋወጣል የሚለውን ግን ጠይቁ።

የመረከቢያው ቀን ሲደርስ ፕሮፎርማውን አትማችሁ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት መኪናው አሁንም መኖሩን በስልክ አረጋግጡ። ደርሳችሁ የሻንሲ ቁጥሩን ከመስኮቱ ወረቀት፣ ወረቀቱን ከፕሮፎርማው ጋር አስተያዩ። ዋጋው ካለቀ በኋላ ፋይናንስ ክፍል ወደሚባል ሌላ ክፍል ትገባላችሁ። ፋታ ያለ ቢመስልም ዲለሩ ብዙ ትርፍ የሚያገኘው እዚያ ነው። የተራዘመ ዋስትና፣ የጎማ መድን፣ የቀለም መከላከያ ይቀርብላችኋል። እነዚህ በፈቃድ እንጂ በግዴታ የሚገዙ አይደሉም። ቁርጡ ከኢሜሉ በአንድ ዶላር ቢበልጥ ከምን እንደመጣ ሳይነገራችሁ አትፈርሙ፤ ካልተስተካከለም ተነስታችሁ ውጡ። ሁለተኛው ፕሮፎርማ ኪሳችሁ ውስጥ አለ።

ከላይ እንመለስበታለን ያልነውም ይኸው ነው። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ወሬ በወገናችን ዘንድ በሰፊው ይነገራል። ስህተት ነው። የፌዴራሉ የሦስት ቀን የመሰረዝ ደንብ ሻጭ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ የሚሸጠውን ለመሳሰለው እንጂ ዲለር ዘንድ ሄዳችሁ የገዛችሁትን መኪና አይመለከትም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በግብይት ይታለል የነበረ ሒባን ኢብን ሙንቂዝ (ረ.ዐ) የተባለ ሰሓባ በገዛ ቁጥር ማታለል እንደሌለበት አስቀድሞ እንዲናገር ተመክሮ ነበር። እኛም አስቀድመን እንናገር፤ ከፊርማ በኋላ የሚሰማ የለም።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከአዲሱ ዋጋ ጋር አታደባልቁት። ሻጩ በአንዱ የሰጠውን በሌላው ሊወስድ ይችላልና የአዲሱ ቁርጥ ካለቀ በኋላ ብቻ አንሱት። ከዚያ በፊት ለምሳሌ ከካርማክስ የጽሑፍ ዋጋ አውጡ፤ ለሰባት ቀን ይጸናል። እዚህ ላይ ግን ሻጮቹ እኛ ነን። ማርሹ የሚያንሸራትት፣ ሞተሩ ዘይት የሚበላ፣ ተገጭቶ የተጠገነ ከሆነ ሳይናገሩ መሸጥ አይፈቀድም፤ ገዢው ትልቅ ኩባንያ ቢሆንም፣ መርምሮ የሚያገኘው ቢሆንም። ጉድለቱን ዋጋ በምትጠይቁበት በዚያው ደብዳቤ ላይ ጻፉት። የሚሰጣችሁ ዋጋ መኪናው ባለበት ሁኔታ የተሰጠ ይሆናል፤ በመረከቢያው ቀንም «ይህን አልነገራችሁንም» ብለው የሚቀንሱት አይኖርም።

ወላሁ አዕለም።